ነጥብና ድጋፍ፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች የፖለቲካ ዕጩዎችን የሚመዝኑበት መንገድ

በኖቬምበር 2015 ሊግ ኦፍ ኮንሰርቬሽን ቮተርስ የተባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መራጮች ማኅበር (ከዚህ በኋላ «ሊጉ») በፖለቲካ ክንፉ አማካይነት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ ለነበሩት ለሂላሪ ክሊንተን ድጋፉን ሰጠ። ሊጉ ራሱ በሚያዘጋጀው የነጥብ መዝገብ መሠረት ክሊንተን በሴኔት በቆዩባቸው ዓመታት ያስመዘገቡት አጠቃላይ ውጤት 82 በመቶ ነበር። በዚያው ፓርቲ ውስጥ የተፎካከሯቸው የበርኒ ሳንደርስ ውጤት ግን 95 በመቶ ነበር። ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝ የተባለው ሌላ የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት የፖለቲካ ክንፍ ከሦስት ወር በፊት ድጋፉን ለሳንደርስ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ የሊጉ ውሳኔ ሲሰማ ከአባላቱና ከሌሎች የንቅናቄው ሰዎች የቀረበው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አንድ ድርጅት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ነጥብ ሲመዘግብ ኖሮ፣ ምርጫ ሲመጣ ዝቅተኛውን ባለነጥብ የሚደግፍ ከሆነ መዝገቡ ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚያየው ከክሊንተንና ከሳንደርስ ፉክክር ባሻገር ነው። የሚያቀርበው ክርክር፣ ነጥብ መስጠትና ዕጩ መደገፍ አንድ መሣሪያ ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ድርጅቶቹ ግን ሁለቱን እንደ አንድ አድርገው ለሕዝብ ስለሚያቀርቡ የገዛ ተአማኒነታቸውን ለጥያቄ ያጋልጣሉ የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አጥር

የአሜሪካ የአካባቢ ድርጅቶች አደረጃጀት ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ግራ ያጋባል። አንድ ስም የያዘ ድርጅት ሦስትና አራት አካል ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ የግብር ሕጉ ነው። በሴናተር ሊንደን ጆንሰን አቅራቢነት በ1954 የጸደቀው ማሻሻያ፣ በአንቀጽ 501(ሐ)(3) የተመዘገበና ለጋሾቹ ከግብር ተቀናሽ የሚያገኙበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ለዕጩ እንዳይቀሰቅስ ይከለክላል። በአንቀጽ 501(ሐ)(4) የተመዘገበው ግን ሎቢ ማድረግና ዋና ሥራው እስካልሆነ ድረስ በምርጫ ውስጥ መሳተፍ ይችላል፤ ለጋሾቹ ግን የግብር ቅናሽ የላቸውም።

ሲዬራ ክለብ ይህን ልዩነት የተማረው በኪሳራ ነው። በ1892 የተመሠረተው ይህ ማኅበር፣ በ1966 በግራንድ ካንየን ውስጥ ግድብ እንዳይሠራ የሙሉ ገጽ የጋዜጣ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ ለለጋሾቹ ይሰጥ የነበረውን የግብር ቅናሽ አነሣበት። ቅጣቱ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። ቅናሹን አንድ ጊዜ ካጣ በኋላ ክለቡን ከፖለቲካ የሚያግደው ነገር አልነበረም። በ1976 የፖለቲካ ተግባር ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1984 ደግሞ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩ፣ ለዋልተር ሞንዴል፣ ድጋፉን ገለጸ። ሞንዴል በከፍተኛ ልዩነት ተሸነፉ።

የፖለቲካ ተግባር ኮሚቴ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ በቀጥታ መስጠት የሚችለው ከ5,000 ዶላር አይበልጥም። ይህ ገንዘብ በሚሊዮኖች ዶላር በሚካሄድ ውድድር ውስጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ የድጋፉ ዋጋ ያለው በገንዘቡ ላይ ሳይሆን በስሙ፣ በበጎ ፈቃደኞቹና ከዕጩው ዘመቻ ተለይቶ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2010 የሰጠው ውሳኔ ይህን የመጨረሻውን መንገድ ገደብ የለሽ አድርጎታል።

ነጥቡ ምን ይለካል?

የነጥብ መዝገብ ሐሳብ የተወለደው ከአንድ የምክር ቤት ሥነ ሥርዓት ለውጥ ጋር በአንድ ወቅት ነው። እስከ 1970 ድረስ የተወካዮች ምክር ቤት በማሻሻያ ሐሳቦች ላይ በሙሉ ምክር ቤቱ ኮሚቴ ሲወስን የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስም አይመዘገብም ነበር። አንድ ተወካይ በመጨረሻው ድምፅ ሕጉን ደግፎ፣ ከዚያ በፊት ግን ሕጉን ባዶ የሚያደርገውን ማሻሻያ በስውር ሊያሳልፍ ይችል ነበር። በ1970 የወጣው የምክር ቤት መልሶ ማደራጃ ሕግ ይህን ድምፅ በስም መመዝገብ እንዲቻል አደረገ። በማርች 1971 ምክር ቤቱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ለሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን የተያዘውን የመንግሥት ገንዘብ ሲያስቀር፣ አዲሱ ሥርዓት ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቀደምት ጉዳዮች አንዱ ሆነ፤ ጉዳዩም በአብዛኛው የአካባቢ ጉዳይ ነበር። ሊጉ የተመሠረተው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ቢመሠረት ኖሮ የሚመዘግበው ብዙ ነገር ባላገኘም ነበር። ድምፅ በእጅ ማውጣት ብቻ በሚቆጠርበት፣ ወይም የፓርቲ አባላት በሙሉ በአንድነት በሚወስኑበት ምክር ቤት ይህን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራሩ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ወደ 20 ከሚጠጉ የአካባቢ ድርጅቶች የተውጣጡ ባለሙያዎች ከዓመቱ ድምፆች መካከል ዋና ዋና ያሏቸውን ይመርጣሉ። ለእያንዳንዱ የአካባቢን ጥቅም የሚያስጠብቀው አቋም የትኛው እንደሆነ ይወሰናል። የአባሉ ነጥብ በዚያ አቋም የሰጠው ድምፅ ከተመረጡት ድምፆች ሁሉ ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይሰላል። በቦታው አለመገኘት፣ ተቀባይነት ካላቸው ጥቂት ምክንያቶች በስተቀር፣ እንደ ተቃውሞ ድምፅ ይቆጠራል። እጅግ ከፍተኛ ግምት የተሰጠው ድምፅ ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበት ዓመትም አለ።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሚያከራክረው ሂሳቡ ሳይሆን ምርጫው ነው። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ጄምስ ስናይደር በ1992 እንዳሳዩት፣ የጥቅም ቡድኖች ለነጥብ የሚመርጧቸው ድምፆች በአብዛኛው ምክር ቤቱ ለሁለት የተከፈለባቸው የተቀራረቡ ድምፆች ስለሆኑ፣ መሐል ላይ ያሉ አባላት ወደ ጽንፍ የተገፉ መስለው ይታያሉ። በሌላ አነጋገር መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር ይለጥጠዋል። ግሮስክሎዝ፣ ሌቪትና ስናይደር በ1999 ባቀረቡት ሥራ ደግሞ የአንድን ዓመት ነጥብ ከሌላው ዓመት ጋር፣ የሴኔትን ከተወካዮች ምክር ቤት ጋር እንዳለ ማወዳደር እንደማይቻል አስረድተዋል፤ የተመረጡት ድምፆች በተለወጡ ቁጥር የመለኪያው ዜሮና መቶ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። የዕድሜ ልክ አማካይ እየተባለ የሚታተመው ቁጥር ይህን ማስጠንቀቂያ ጨርሶ አያውቀውም።

የጆን ማኬይን ጉዳይ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ማኬይን ከጆሴፍ ሊበርማን ጋር ሆነው የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት በሕግ የሚገድብ ረቂቅ ያቀረቡ ሪፐብሊካን ሴናተር ነበሩ። ረቂቁ በኦክቶበር 2003 በ43 ድጋፍና በ55 ተቃውሞ ወደቀ። በፓርቲያቸው ውስጥ ይህን ያህል የደፈረ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሆኖም በ2007 የነጥብ መዝገብ ላይ ማኬይን ያገኙት ውጤት ዜሮ ነው። ለፕሬዚዳንትነት ሲዘምቱ ስለነበር ከተመረጡት 15 ድምፆች በአንዱም ላይ አልተገኙም። በዚያው መዝገብ ዜሮ ማለት ልቀትን መገደብን አጥብቀው ለሚቃወሙ ሴናተሮች የሚሰጥ ነጥብ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የክሊንተን 82 በመቶም ቢሆን በ2007ና በ2008 በዘመቻ ምክንያት ባመለጧቸው ድምፆች የተጎዳ ነበር። መቅረት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በአንድ ድምፅ ልዩነት የወደቀ ሕግ መቅረትም እንደ መቃወም መሆኑን ያስተምራል። ነገር ግን መቅረትን ከእምነት ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚያስገባ ቁጥር ስለ ዕጩው የወደፊት አቋም የሚናገረው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙ ጊዜ አይነሣም። የደቡብ ካሮላይናው ሪፐብሊካን ቦብ ኢንግሊስ በጁን 2009 የተወካዮች ምክር ቤት የዋክስማንና ማርኪን የአየር ንብረት ረቂቅ ሲያሳልፍ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። በመዝገቡ ላይ ይህ ጉድለት ነው። ነገር ግን ኢንግሊስ በዚያው ዓመት በካርቦን ላይ ግብር የሚጥልና በምላሹ የደመወዝ ግብርን የሚቀንስ የራሳቸውን ረቂቅ አቅርበው ነበር። ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ በነጥብ ውስጥ አይገባም። መራጮቻቸው ግን አስተውለውታል። በቀጣዩ ዓመት በፓርቲው ውስጥ ዕጩ በሚለይበት ምርጫ ለምክር ቤት መቀመጫቸው ሲወዳደሩ በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ ስለ አየር ንብረት የያዙት አቋም ከተወቀሱባቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

ለዚህ ሁሉ የሚጨመረው የጊዜ ለውጥ ነው። ሺፓንና ላውሪ በ2001 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በሊጉ ነጥብ የሚታየው የሁለቱ ፓርቲዎች ርቀት ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየሰፋ መጥቷል። ዛሬ የዴሞክራቶች አማካይ ከ90 በላይ፣ የሪፐብሊካኖች ደግሞ ከ20 በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ነጥቡ በ1970ዎቹ ሰውን ከሰው ይለይ ነበር፤ አሁን የሚለየው በአብዛኛው ፓርቲን ከፓርቲ ነው፤ ይህን ደግሞ መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከዕጩው ስም አጠገብ ያገኘዋል።

ከመዝገብ ወደ ድጋፍ

ነጥቡ ሰው ካልለየ ድጋፍ የሚሰጠው በምን ይሆናል? ድርጅቶቹ ብዙ ነገሮችን ያያሉ። የምክር ቤት ታሪክ ለሌለው አዲስ ዕጩ በጽሑፍ መጠይቅ ይላካል፣ ቃለ መጠይቅም ይደረጋል። በሲዬራ ክለብ ዘንድ የአካባቢው ቅርንጫፍ ሐሳብ ያቀርባል፤ ብሔራዊው አካል ያጸድቃል። ይህ ሁለት ደረጃ ያለው አሠራር የሚዘገይ ቢሆንም ትርጉም አለው፤ ዋሽንግተን ያለው ሠራተኛ የማያውቀውን የወንዝና የማዕድን ጉዳይ የአካባቢው አባል ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም፦ ይህ ሰው ማሸነፍ ይችላል ወይ? ካሸነፈስ በየትኛው ኮሚቴ ይቀመጣል? የእኛ ገንዘብና ሰው ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል ወይ?

ስለዚህ 95 በመቶ ያገኘ ነገር ግን መቀመጫው የማይነቃነቅ ተወካይ አንድ መግለጫ ብቻ ሊደርሰው ይችላል፤ 70 በመቶ ያገኘና በተቀራረበ ወረዳ የሚወዳደር ደግሞ ሙሉ ዘመቻ ሊደረግለት ይችላል። ይህ አሠራር በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ድጋፉ ለሕዝብ ሲገለጽ «የላቀ የአካባቢ ታሪክ ስላላቸው» ብቻ ተብሎ ሲቀርብ ነው።

የዚህ ውጥረት እጅግ ከባዱ ማሳያ በ2006 በሮድ አይላንድ የታየው ነው። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሊንከን ቻፊ በአካባቢ ጉዳይ ከፓርቲያቸው ተለይተው ይቆሙ ነበር፤ ሲዬራ ክለብም ደገፋቸው። ክለቡ የተከተለው አመክንዮ የሚናቅ አልነበረም። የአካባቢ ጥበቃ በአንድ ፓርቲ እጅ ብቻ ከወደቀ ያ ፓርቲ ሥልጣን ባጣ ቁጥር ሁሉ ይወድቃል፤ ከሌላው ወገን የደፈረ ሰው ካልተሸለመ ነገ የሚደፍር አይገኝም። ተቺዎቹ ደግሞ ወደ ሴኔቱ አወቃቀር ጠቆሙ። ሴኔቱ በሪፐብሊካን እጅ እስካለ ድረስ የአካባቢና የሕዝብ ሥራዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጄምስ ኢንሆፍ ናቸው፤ እኒህ ሰው በ2003 በሴኔት ባደረጉት ንግግር የምድር ሙቀት መጨመርን ማጭበርበሪያ ብለው የጠሩ ናቸው። የቻፊ መልካም ድምፅ በወለሉ ላይ የሚቆጠረው ኢንሆፍ ከኮሚቴ ያሳለፉት ነገር ካለ ብቻ ነው።

ቻፊ በዴሞክራቱ በሸልደን ዋይትሃውስ ተሸነፉ። ውጤቱ ሲደመር ዴሞክራቶችና ከእነሱ ጋር የቆሙት ሁለት ነጻ አባላት 51፣ ሪፐብሊካኖች 49 ሆኑ። ቻፊ ቢያሸንፉና በሪፐብሊካንነታቸው ቢጸኑ ኖሮ 50 ለ 50 ይሆንና አብላጫው በምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ድምፅ በሪፐብሊካኖች እጅ ይቀር ነበር። ይልቁንም በጃንዋሪ 2007 የኮሚቴው ሰብሳቢነት ለባርባራ ቦክሰር ተላለፈ፤ በዲሴምበርም ኮሚቴው ሰፊ የልቀት መገደቢያ ረቂቅ ወደ ሙሉ ሴኔት አሳለፈ። ዋይትሃውስ በበኩላቸው ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት ስለ አየር ንብረት በሴኔት ወለል ላይ በየሳምንቱ ሲናገሩ ቆይተዋል። የክለቡ ውሳኔ ቢሳካ ኖሮ የሚሆነው ነገር ዛሬ ወደ ኋላ ሲታይ ለክለቡ የሚመች አይደለም። ይሁን እንጂ በሌላ በኩል ያለውን ኪሳራም ማየት ይገባል። ከ2006 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከፓርቲው ተለይቶ ለአየር ንብረት ሕግ የሚቆም ሪፐብሊካን ሴናተር ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፤ ቻፊን የመሰለ ሰው በመሸነፉም ድጋፍ ቢሰጠው እንኳ የማይድን መሆኑን ሌሎቹ አይተዋል። ሁለቱም ክርክሮች እውነት ስላላቸው ጉዳዩን በነጥብ መዝገብ መፍታት አይቻልም።

የሜይኗ ሱዛን ኮሊንስ ታሪክ የዚሁ ክርክር ሁለተኛ ዙር ነው። ሊጉ በ2014 ደገፋቸው። በ2017 ኮሊንስ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ ሆነው የተሾሙትን ስኮት ፕሩይትን የተቃወሙ ብቸኛ ሪፐብሊካን ሴናተር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የአርክቲክ የዱር እንስሳት መጠለያን ለነዳጅ ቁፋሮ የከፈተውን የግብር ሕግ ደገፉ። በ2020 ሊጉ ተፎካካሪያቸውን ሳራ ጊዲየንን ደገፈ። ኮሊንስ አሸነፉ። ከስድስት ዓመት በፊት የደገፋቸው ድርጅት በተቃራኒያቸው ከተሰለፈ በኋላ፣ ያ ድርጅት በኮሊንስ ቢሮ የሚኖረው ተሰሚነት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ቅጣት እንደ ድጋፍ መስተዋት

ድርጅቶቹ ከሚደግፏቸው ይልቅ የሚታወሱት በሚቃወሟቸው ነው። የመጀመሪያውን የመሬት ቀን ያዘጋጁት ወጣቶች የመሠረቱት ኢንቫይሮንሜንታል አክሽን በ1970 «ቆሻሻዎቹ ደርዘን» ብሎ 12 የምክር ቤት አባላትን ስም አወጣ፤ ከእነዚህ 7ቱ ተሸነፉ። ከወደቁት አንዱ የሕዝብ ሥራዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የሜሪላንዱ ጆርጅ ፋሎን ናቸው፤ ያሸነፏቸውም በኋላ ለ30 ዓመት ሴናተር የሆኑት ፖል ሳርቤንስ ነበሩ። ከ1996 ጀምሮ ይህን ዝርዝር የሚያወጣው ሊጉ ነው።

ከ12ቱ 7 ማሸነፍ አስደናቂ ይመስላል። ጥንቃቄ የሚሻውም እዚህ ላይ ነው። በዝርዝሩ የሚገቡት መጥፎ ታሪክ ያላቸው ሁሉ ሳይሆኑ፣ መጥፎ ታሪክ ኖሯቸው የመሸነፍ ዕድልም ያላቸው ናቸው። በሰፊ ልዩነት የሚያሸንፍ የከሰል ወረዳ ተወካይ ነጥቡ ዜሮ ቢሆንም ገንዘብ አይጠፋበትም። ስለዚህ ከተዘረዘሩት ውስጥ የተሸነፉትን ቆጥሮ የዝርዝሩን ኃይል መለካት፣ ሐኪም የሚድኑትን በሽተኞች ብቻ መርጦ ካከመ በኋላ የመድኃኒቱን ፈዋሽነት እንደ መናገር ነው። በ2014 ባለሀብቱ ቶም ስታየር ያቋቋሙት ኔክስትጄን ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ወጥቶ በሰባት ውድድሮች ላይ አተኩሮ የነበረ ሲሆን፣ የተሳካለት በሦስቱ ነው።

የኮሎራዶው ዌይን አስፒናል ውድቀት ግን በቁጥር የማይያዝ ትምህርት ይዟል። አስፒናል ከ1959 ጀምሮ የተወካዮች ምክር ቤት የአገር ውስጥ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ግድብ ወዳድ ናቸው፤ በ1964 የወጣውን የዱር ምድር ሕግ ለዓመታት ያዘገዩትም እሳቸው ነበሩ። በ1972 የአካባቢ ተሟጋቾች ዘመቱባቸው፤ ከሕዝብ ቆጠራው በኋላ የተቀየረው የወረዳ ወሰንም የቆየ ደጋፊዎቻቸውን አሳጥቷቸው ነበር። በዕጩ መለያው ምርጫ የሕግ መምህር በሆኑት በአለን መርሰን ተሸነፉ። በኖቬምበር ግን መርሰን በሪፐብሊካኑ ጄምስ ጆንሰን ተረቱ። ዘመቻው ደጋፊ አላስመረጠም፤ መቀመጫውም ወደ ሌላው ፓርቲ አለፈ። በነጥብ ቢቆጠር ሽንፈት ነው። ነገር ግን የኮሚቴው በር ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰብሳቢነቱ ለሞ ዩዳል ደርሶ፣ በ1980 የወጣውን ታላቁን የአላስካ መሬቶች ጥበቃ ሕግ ከመሩት አንዱ እሳቸው ሆኑ። ሌሎች የኮሚቴ ሰብሳቢዎችም የ1972ቱን ነገር አልረሱትም።

በ2006 የካሊፎርኒያው ሪቻርድ ፖምቦ ላይ የደረሰው ይህንኑ ይመስላል። ፖምቦ የሀብቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው በ1973 የወጣውን ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ እንደገና ለመጻፍ ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያው የመሬት ቀን ተባባሪ ሰብሳቢና የዚያ ሕግ አርቃቂ ከነበሩት አንዱ የሆኑት አረጋዊው ሪፐብሊካን ፒት ማክሎስኪ በፓርቲው ውስጥ ተፎካክረዋቸው ተሸነፉ፤ ከዚያም ዴሞክራቱን ጄሪ ማክነርኒን ደገፉ። ማክነርኒ አሸነፉ። የኮሚቴው ቀጣይ ሰብሳቢ ኒክ ራሃል ከከሰል አምራቿ ዌስት ቨርጂኒያ የመጡ መሆናቸው ደግሞ የፖለቲካ ቀልድ ይመስላል።

ድጋፍ እንደ መደራደሪያ

እስካሁን የታየው ድጋፍ ካለፈው ተግባር ወይም ከወደፊቱ ጥቅም የሚሰላ ነው። ሦስተኛ አጠቃቀም አለ፦ ድጋፉን ሳይሰጡ በፊት አቋም መግዣ ማድረግ። በጁን 2009 ሊጉ የዋክስማንና ማርኪን ረቂቅ የሚቃወም ማንኛውም የተወካዮች ምክር ቤት አባል በ2010 ምርጫ ድጋፉን እንደማያገኝ አስቀድሞ አስታወቀ። ረቂቁ በ219 ለ212፣ በስምንት ሪፐብሊካኖች ድጋፍ ጭምር አለፈ። ሴኔቱ ግን ሳያየው ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ዴሞክራቶች 63 መቀመጫ አጡ፤ ከተሸነፉት አንዱ ለረቂቁ ድምፅ የሰጡትና ከቨርጂኒያ የከሰል ወረዳ ለ28 ዓመት ሲመረጡ የኖሩት ሪክ ባውቸር ነበሩ። ሽንፈታቸው በዚያ ድምፅ ብቻ አልመጣም፤ ዓመቱ ለፓርቲያቸው በሙሉ ክፉ ነበር። ቢሆንም አስፈራርቶ ድምፅ ያገኘ ድርጅት ድምፅ ሰጪውን ከሽንፈት ለማዳን አቅም ከሌለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስፈራሪያው ምን ክብደት እንደሚኖረው ጥያቄ ይሆናል።

በ2017 የተቋቋመው ሰንራይዝ ንቅናቄ ይህን መንገድ በተለየ መልክ ተጠቅሞበታል። የወጣቶቹ ንቅናቄ ያለፈ ድምፅን አልቆጠረም፤ የገንዘብ ምንጭንና የወደፊት ዕቅድን መዘነ። ከሌሎች ጋር ሆኖ ያስፋፋው ቃል ኪዳን ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከከሰል ኩባንያዎች የፖለቲካ ኮሚቴዎች፣ የሥራ ኃላፊዎችና ሎቢስቶች ከ200 ዶላር በላይ አለመቀበልን ይጠይቃል። ይህ መለኪያ ቀላል ነው፤ ሊመረመርም ይችላል፤ ከፓርቲ ወገንተኝነትም ይልቅ በአንድ ፓርቲ ውስጥ ያሉትን ይለያል። በዲሴምበር 2019 ንቅናቄው ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች ከ200 ነጥብ ሲሰጥ ሳንደርስ 183፣ ኤልዛቤት ዋረን 171፣ ጆ ባይደን 75 አገኙ። በጃንዋሪ 2020 በአባላቱ ድምፅ ሳንደርስን ደገፈ። ሳንደርስ ተሸነፉ፤ በዚህ ጊዜ ዝቅተኛው ነጥብ ጥቅም ላይ ዋለ። ባይደን የንቅናቄውን ዋና ዳይሬክተር ቫርሺኒ ፕራካሽን፣ ጆን ኬሪና አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በጋራ በመሩት የአየር ንብረት ግብረ ኃይል ውስጥ አስገቡ፤ በጁላይም በአራት ዓመት 2 ትሪሊዮን ዶላር የሚመድብና የኤሌክትሪክ ኃይልን እስከ 2035 ከካርቦን ነጻ የሚያደርግ ዕቅድ ይዘው ወጡ። ለውጡ በሙሉ የሰንራይዝ ሥራ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ያልተሰጠ ድጋፍ ከተሰጠ ድጋፍ የበለጠ የመደራደር ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ጉዳዩ ያሳያል።

ተቃራኒው በጁን 2023 ታየ። ሊጉ፣ ሲዬራ ክለብ፣ የኤን አር ዲ ሲ የፖለቲካ ክንፍና ኔክስትጄን ምርጫው ከመድረሱ 17 ወር ቀደም ብለው በአንድነት ባይደንን ደገፉ። ከሦስት ወር በፊት አስተዳደሩ በአላስካ የዊሎው የነዳጅ ፕሮጀክትን ፈቅዶ ነበር፤ ፈቃዱንም እነዚሁ ድርጅቶች ተቃውመው ነበር። በሌላ ወገን በኦገስት 2022 የጸደቀው የዋጋ ግሽበት ቅነሳ ሕግ በአገሪቱ ታሪክ ለአየር ንብረት ትልቁን ገንዘብ የመደበ ነበርና፣ ድጋፉ ከምስጋና የመነጨ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በድርድር ዓይን ሲታይ ግን ድርጅቶቹ በቀሩት 17 ወራት ሊጠይቁበት ይችሉ የነበረውን ነገር በአንድ ቀን አስረከቡ።

የድጋፍ ውጤትን በትክክል ለመለካት የሚፈልግ ተመራማሪ እንግዲህ የተደገፉትን ብቻ በማየት ሩቅ አይሄድም። የሚጠቅመው ተመሳሳይ ነጥብ ኖሯቸው፣ በተመሳሳይ ወረዳ ተወዳድረው፣ አንዱ ድጋፍ አግኝቶ ሌላው ያላገኘባቸውን ጥንዶች ፈልጎ ከምርጫው በኋላ በምክር ቤት ያሳዩትን ተግባር መከታተል ነው፤ በተለይም በስም በማይመዘገበውና የነጥብ መዝገብ በማያየው በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ያሳዩትን።